«ዝምድናዎ ምንድን ነው?»

ጢስ የሀብታምን ቤትና የድኻን ቤት ለይቶ አይገባም፤ ጎርፍም የሰውን መልክ አይቶ አይመለስም ሲባል ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ነገሩ ሲሰሙት እውነት ይመስላል። ነገር ግን እኔ በአሜሪካን አገር በሂዩስተን ከተማ 18 ዓመት ስኖር፤ ጢሱ ራሱ ባይጠይቅም ከጢሱ በፊት የሚጠይቁ ብዙዎች መሆናቸውን አይቻለሁ። አከራዩ ይጠይቃል፤ ባንኩ ይጠይቃል፤ የመሬት መዝገቡ ይጠይቃል፤ የእርዳታው ቅጽም ይጠይቃል። እነዚህ ሁሉ ጠይቀው ከጨረሱ በኋላ ሰውየው የት እንደሚያድር ይወሰናል። ጢሱ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው።

ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄዱ ማስታመም ነው። መድኃኒታቸውን በሰዓቱ መስጠት፤ ገላቸውን ማጠብ፤ ምግባቸውን ማብሰል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተቀምጦ ጨዋታቸውን ማዳመጥ ነው። ደመወዙ ትንሽ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ጥቅም አለው፤ ይኸውም ሰው ከተማውን በአደባባዩ በኩል ሳይሆን በጓዳው በኩል እንዲያውቀው ያደርጋል። ጠዋት በምዕራብ በኩል ጥላው ከመንገዱ ማዶ በሚደርስ የዋርካ መሰል ዛፍ ሥር አልፋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ በምሥራቅ በኩል የነዳጅ ማጠራቀሚያ ጋኖች እንደ ጎጆ ተደርድረው በሚታዩበት መንገድ እሄዳለሁ። ዓይኔን ብጨፍን እንኳ በአፍንጫዬ ብቻ የት እንደ ደረስሁ ለመናገር እችላለሁ። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት፤ የአገራችን ነው ካላልሁ በቀር፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አንባቢ ሆይ፤ ሂዩስተን ከሌሎቹ የአሜሪካን ታላላቅ ከተሞች የምትለይበት አንድ ነገር አለ። ፋብሪካው እዚህ ይቁም፤ መኖሪያው እዚያ ይሁን ብሎ ከተማውን የሚደለድል ሕግ የላትም። ሕዝቡ በ1948፤ በ1962 እና በ1993 ድምፅ እንዲሰጥበት ተጠይቆ ሦስቱንም ጊዜ አይሆንም ብሏል። ባለ ሀብቶቹ ሠፈሮች ግን ያለ ሕግ አልቀሩም፤ በመሬታቸው የሽያጭ ውል ውስጥ እዚህ ፋብሪካ አይሠራም፤ ሱቅ አይከፈትም የሚል ቃል እያስገቡ ራሳቸውን በራሳቸው አጥረዋል። በብዙዎቹ ውሎች ውስጥ ጥቁር ሰው አይግዛ የሚል ቃልም ነበረ፤ ይህኛው ቃል በፍርድ ቤት ሊጸና እንደማይችል የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው በ1948 ነው። እንግዲህ ውል ያልነበራቸው ሠፈሮች ምን ደረሰባቸው? ከባሕሩ እስከ ከተማው ድረስ 80 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው የመርከብ መተላለፊያ በ1914 ተከፍቶ ነበርና፤ በዳርና ዳሩ የነዳጅ ማጣሪያዎችና የኬሚካል ፋብሪካዎች እየበዙ ሄደው ከሰው አጥር ጋር ተገናኙ።

ቆሻሻውም እንዲሁ ነው። በ1979 ኖርዝዉድ ማነር በሚባለው ጥቁሮች በሚበዙበት ሠፈር፤ የራሳቸው ቤት ያላቸው ደኅና ሠራተኞች በሚኖሩበት ቦታ፤ የቆሻሻ መጣያ ሊቆፈር ሲል ነዋሪዎቹ ከሰሱ። ጠበቃቸው ሊንዳ ማኬቨር ቡላርድ ነበሩ፤ ባለቤታቸው ሮበርት ቡላርድ ደግሞ የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ ስለ ነበሩ የከተማውን ቆሻሻ ታሪክ መዝገብ ለመዝገብ እየተከተሉ መረመሩ። ያገኙት ነገር የሚያስደንቅ ነው። ከከተማው ሕዝብ ጥቁሩ ከአራት አንድ እጅ ብቻ ሲሆን፤ ከ1930ዎቹ እስከ 1978 ከተጣለው ቆሻሻ 82 ከመቶው የተጣለው በጥቁሮች ሠፈር ነበር። የከተማው ንብረት የሆኑት አምስቱም መጣያዎች በጥቁሮች ሠፈር ነበሩ። ይህ ሁሉ ለዳኛው ቀርቦ ክሱ አልረታም፤ መጣያውም ተቆፈረ። ቢሆንም የአካባቢ ፍትሕ ለተባለው እንቅስቃሴ መጀመሪያ ከሆኑት ነገሮች አንዱ ይኸው የተሸነፈ ክስ ነው።

የአዲስ አበባ ሰው ይህን ነገር ለመረዳት ሂዩስተን ድረስ መምጣት አያስፈልገውም፤ ቆሼን ማስታወስ ይበቃዋል። የከተማው ቆሻሻ 50 ዓመት ያህል ሲደፋ የኖረው ከዘነበ ወርቅ አጠገብ ነው። ከቆሻሻው አስቀድሞ በዚያ ግድም የሠፈሩት እነማን ነበሩ ቢባል፤ በሥጋ ደዌ ምክንያት ከቤተ ዘመዳቸው ተለይተው በሆስፒታሉ ዙሪያ የተጠጉ ሕሙማን ነበሩ። ሰው በመጀመሪያ ይገለላል፤ ቆሻሻው የተገለለውን ሰው ተከትሎ ይመጣል። መጋቢት 2 ቀን 2009 በእኛ አቆጣጠር ክምሩ ተንዶ ከ110 ሰው በላይ የሞተ ጊዜ፤ እኔ ሂዩስተን ሆኜ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ስደውል አደርሁ። ስድስት ወር ሳይሞላ የእኛው ከተማ ደግሞ በጎርፍ ተዋጠ።

አሁን ወደ እማማ ልምጣ። እማማ የምላቸው ከ2016 ጀምሮ የማስታምማቸውን ጥቁር አሜሪካዊት ነው፤ ስማቸውን መጻፍ ተገቢ አይደለም። ቤታቸው ጋሌና ፓርክ በምትባለው፤ ከመርከብ መተላለፊያው በስተ ሰሜን ባለች ትንሽ ከተማ ነው። እኔ ስደርስ ብቻቸውን ነበሩ። በግድግዳው ላይ ግን በየክፍሉ የአንዲት ሴት ፎቶግራፍ ነበር፤ በወጥ ቤት ሽርጥ፤ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ልብስ፤ አሣ ይዛ እየሳቀች። «እህትዎ ናቸው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አይደለም፤ ልጄ» አሉኝ፤ «39 ዓመት አብሬያት የኖርሁ ናት።» ከዚህ በላይ አልጨመሩም፤ እኔም ሾርባውን አማሰልሁ።

እዚህ ላይ ስለ ቃል አንድ ነገር ልበል። ሴት ሆና ሴትን፤ ወንድ ሆኖ ወንድን የሚወድ ሰው በቋንቋችን የሚጠራበት የተለመደው ቃል ስድብ ነው፤ ወይም ፍርድ ነው። የሚያስታምሙትን ሰው በስድብ መጥራት አይቻልም፤ ስለዚህ እኔ በዚህ ጽሑፍ አልጠቀምበትም። ይልቅስ ባልንጀራ የሚል ደግ ቃል አለን፤ ከባለ እንጀራ የመጣ ነው፤ አብሮ እንጀራ የሚቆርስ ማለት ነው የሚሉ አሉ። እማማና ባልንጀራቸው እንጀራ አያውቁም፤ የበቆሎ ዳቦ ነበር የሚቆርሱት።

ለመሆኑ ሁለቱ ሴቶች በጋኖቹ ሥር ቤት ለመግዛት ምን አመጣቸው? እማማ ነገሩን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያሉ አጫወቱኝ። ከዚያ በፊት በተከራዩት ቤት አከራዩ ወንዱ የታለ እያለ ሲያስቸግራቸው ኖሮ በመጨረሻው አስወጣቸው። ወደ ነጮቹ ሠፈር መሄድ የማይታሰብ ነው። በሻል ባለው የጥቁሮች ሠፈር ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ያውቋቸዋል፤ ወሬው ከእነርሱ ቀድሞ ይደርሳል። ባንክ እንዳይሄዱ በዚያ ጊዜ ባንኮች ባል ለሌላት ሴት ማበደር አይወዱም ነበር፤ ይህን የሚከለክለው ሕግ የወጣው በ1974 ነው፤ እነርሱ የገዙት በ1973 ነው። ስለዚህ ያለ ባንክ፤ ከባለቤቱ ጋር ተዋውለው በየወሩ እየከፈሉ የሚገዙት ቤት ፈለጉ። እንዲህ ያለ ቤት የሚገኘው ሌላ ገዢ በማይሄድበት ቦታ ነው። «ሽታው ማንንም አያስመጣም ነበርና» አሉኝ እማማ እየሳቁ፤ «እኛንም ማንም አልጠየቀንም። በዚያ ሠፈር ነፃ ነበርን።» ውሉ የተጻፈው በባልንጀራቸው ስም ብቻ ነበር፤ በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ቋሚ ሥራ የነበራቸው እርሳቸው ስለ ነበሩ ነው።

ይህን ነፃነት ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ዋጋው በአየር የተከፈለ ነው። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ጤና ተመራማሪዎች በ2007 እንዳስታወቁት፤ ከመርከብ መተላለፊያው በ3 ኪሎ ሜትር ገደማ ክልል ውስጥ የሚኖሩ ሕፃናት አንድ ዓይነት የደም ካንሰር የመያዛቸው ነገር፤ ከ16 ኪሎ ሜትር ወዲያ ከሚኖሩት በ56 ከመቶ የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል። በአየሩ ውስጥ ከሚገኙት አንዱ ቤንዜን የሚባለው ነው፤ ከነዳጅ የሚወጣ፤ ጣፈጥ ያለ ሽታ ያለው፤ መቅኒን የሚጎዳ ነገር ነው።

ደግሞም በ2017 ኮሊንስ፤ ግሪኔስኪና ሞራሌስ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች የመላውን አሜሪካን የቆጠራ ሠፈሮች ይዘው አንድ ጥናት አሳተሙ። ወንድ ከወንድ፤ ሴት ከሴት ጋር ጎጆ የወጡ ሰዎች በሚኖሩበት ሠፈር በአየር መርዝ ምክንያት የሚመጣው የካንሰር ሥጋት፤ ወንድና ሴት ሆነው ከሚኖሩት ጋር ሲነጻጸር በ12.3 ከመቶ፤ የመተንፈሻ አካል ሕመም ሥጋት ደግሞ በ23.8 ከመቶ ከፍ ብሎ አገኙት። ይህ ቁጥር የሠፈር እንጂ የእያንዳንዱ ሰው ሐኪም ቤት መዝገብ አይደለም፤ ቢሆንም እኔን አላስደነቀኝም። ሰው ተቀባይነት የሚያገኝበትን ቦታ ይመርጣል፤ ተቀባይነት ያለበት ቦታ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መንገድና ፋብሪካ የበዛበት የከተማ መካከል ነው። ሰውየው በዚያ ላይ ጥቁር ከሆነ፤ በዚያም ላይ ድኻ ከሆነ ምርጫው ምን ያህል እንደሚጠብብ ለማወቅ ተመራማሪ መሆን አያስፈልግም።

የቴክሳስ ሕግም በኩሉ ሥራውን ሠርቷል። ሁለቱ ሴቶች ቤቱን በገዙበት በ1973 ምክር ቤቱ የወንጀለኛ መቅጫውን ሲያድስ እንዲህ ያለውን ፍቅር ለብቻው ለይቶ ጥፋት አደረገው። ያን ሕግ ያፈረሰውም ነገር የተነሣው ከእኛው ከተማ፤ ያውም ከምሥራቁ ክፍል ነው፤ በ1998 ፖሊሶች በአቶ ጆን ሎውረንስ መኖሪያ ገብተው እርሳቸውንና አቶ ታይሮን ጋርነርን ያዙ። ሎውረንስ ነጭ ነበሩ፤ ጋርነር ጥቁር፤ ቋሚ ሥራም ቋሚ ቤትም ያልነበራቸው ድኻ ነበሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2003 ሕጉን ሻረው። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፤ በ2005፤ የቴክሳስ ሕዝብ ጋብቻ የወንድና የሴት ብቻ ነው የሚል ቃል በሕገ መንግሥቱ ውስጥ አስገባ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመላው አገር ጋብቻውን የፈቀደው በ2015 ነው። የእማማ ባልንጀራ ያረፉት በ2012 ነው። ኑዛዜ አልነበረም። እንግዲህ በሕጉ ዓይን ቤቱ ሌላ ክፍለ ግዛት ለምትኖር ለሟቿ የወንድም ልጅ ሆነ፤ እማማ ደግሞ በገዛ ቤታቸው እንግዳ ሆኑ። ልጅቱ አላስወጣቻቸውም፤ ወረቀቱንም አላዛወረችም። ማንም አላስታወሰውም፤ ጎርፉ እስኪመጣ ድረስ።

ሃርቪ የተባለው ማዕበል በነሐሴ 2017 መጣ። አራት ቀን ያለ ማቋረጥ ዘነበ፤ በአንዳንድ ቦታ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ውሃ ወረደ። በመተላለፊያው ዳር የአንድ ትልቅ ጋን ጣሪያ ከዝናቡ ክብደት የተነሣ ሰምጦ ቤንዜን ወጣ። በእማማ ቤት ውሃው እስከ ጉልበት ደረሰ፤ በላዩ እንደ ቀስተ ደመና የሚያብለጨልጭ ቅባት ነበረበት። የሠፈሩ ጎረምሶች እርሳቸውን በፍራሽ ላይ አስተኝተው እየገፉ አወጧቸው። ፎቶግራፎቹን ያዳንኋቸው እኔ ነኝ፤ ከፍ ብለው ስለ ተሰቀሉ ብዙም አልተነኩም።

ከዚያ በኋላ እማማን ይዤ እርዳታ ወደሚሰጥበት ጽሕፈት ቤት ሄድሁ። አራት ሰዓት ተሰለፍን። በጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ወጣት ክፉ ሰው አልነበረም፤ ውሃም ሰጥቶናል።

«የቤቱ ባለቤት እርስዎ ነዎት?»

«አዎን።»

«በመዝገቡ ያለው ስም ሌላ ነው።»

«እርሷ አርፋለች።»

«ዝምድናዎ ምንድን ነው?»

እማማ ዝም አሉ። ዝምታው ረዘመ፤ ከኋላችን የተሰለፈው ሰው አጉረመረመ። በመጨረሻው «ለምን ያህል ጊዜ ቢሆን ነው ዝምድና የሚባለው?» ብለው ጠየቁት። ወጣቱ ወደ ቅጹ ተመለከተ፤ የሚመርጠው ቃል ፈለገ፤ «የቤት ጓደኛ» ብሎ ጻፈ። ከአምስት ሳምንት በኋላ በፖስታ መልስ መጣ፤ ባለቤትነትዎን ስላላስረዱ ለቤቱ ማደሻ የሚሰጥ ገንዘብ የለም ይላል። ለልብስና ለዕቃ ጥቂት ተሰጣቸው።

በዚህ ምክንያት የተከለከሉት እማማ ብቻ አይደሉም። ከአባት ወደ ልጅ ያለ ወረቀት በተላለፈ ቤት የሚኖሩ ብዙ ጥቁር ቤተ ሰቦች እንዲሁ ሆነዋል። ነገር ግን እነርሱ ቢያንስ «ልጁ ነኝ» የሚሉት ቃል ነበራቸው።

የሠፈሩ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጥተው የራሰውን ግድግዳ ሻጋታ ሳይዘው ከወለሉ እስከ ወገብ ቆርጠው ጣሉት። መልካም አደረጉ። አዲስ ግድግዳ ለመለበጥ ግን ገንዘብ ያስፈልግ ነበር፤ ገንዘቡም አልመጣም። ስለዚህ ቤቱ ከውጭው ጣውላ በቀር ከወገብ በታች ራቁቱን ቀረ፤ በጣውላው መካከል ብርሃን ይታይ ነበር።

እንዲህ እንዳለ በመጋቢት 2019 ዲር ፓርክ በሚባለው በኩል የኬሚካል ጋኖች ተቃጠሉ። እሳቱ ለቀናት ነደደ፤ ጥቁሩ ጢስ ከተማውን ሁሉ እንደ ቋራ ሰማይ ላይ ተዘርግቶበት ነበር። ከጠፋ በኋላም ቤንዜን በአየሩ ውስጥ ስለ ተገኘ፤ አንድ ጠዋት ከቤት አትውጡ፤ መስኮትና በር ዝጉ፤ ቀዳዳውን በፕላስተርና በርጥብ ፎጣ ድፈኑ የሚል ማስጠንቀቂያ በጋሌና ፓርክ ተነገረ። እኔ እዚያው ነበርሁ። መስኮቱን ደፈንሁ፤ በሩን ደፈንሁ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞርሁ። አንሶላ፤ ብርድ ልብስ፤ የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ፤ ጋዜጣ እያመጣሁ ለጠፍሁ፤ ፕላስተሩ አለቀ። በመጨረሻው እማማን መስኮት በሌለው ቁም ሣጥን ክፍል ውስጥ አስገብቼ ከኦክሲጅናቸው ጋር ተቀመጥን። ሲያስሉ ጀርባቸውን እደግፋለሁ። በዚያ ጠባብ ቦታ ውስጥ ሆኜ ያሰብሁት የዚያን ወጣት ቅጽ ነበር። በሁለት ዓመት ርቀት ላይ ያለች አንዲት ባዶ መስመር ወደ ሰው ሳንባ ልትደርስ እንደምትችል የዚያን ዕለት በዓይኔ አይቻለሁ።

ከእኛ ወገን ብዙዎች ይህን ቤት እንድተው መክረውኛል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና የምንጠጣ ሴቶች አለን፤ ከእነርሱ አንዷ፤ እትዬ የምላቸው በዕድሜ የሚበልጡኝ ሴት፤ አንድ ቀን ጠጋ ብለው፥

«አንቺ ልጅ፤ እዚያ ቤት መሥራትሽን አትተዪም? ሰው ይሰማል እኮ» አሉኝ።

«እትዬ፤ እኔ የማስታምመው ሳል ነው» አልኋቸው።

«ሳሉስ ቢሆን ከየት መጣ?»

«ከፋብሪካው።»

ሌሎቹ ሳቁ፤ እርሳቸው ግን አልሳቁም፤ ስኒያቸውን አስቀምጠው ሌላ ጨዋታ አነሡ። እኔ በሃይማኖት ከማንም ጋር መከራከር አልወድም። ነገር ግን ሰውን ከሠፈር ማስወጣት፤ ከወረቀት ማስወጣት፤ ከዚያም በተጣለበት ቦታ ጢስ ሲያገኘው ኃጢአቱ ነው ማለት፤ ይህ ከየትኛው መጽሐፍ እንደሚገኝ አላውቅም።

ሕጉ ወዲህና ወዲያ ይላል። በ1994 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሥራቸው በድኾችና በጥቁሮች እንዲሁም በሌሎች አናሳ ወገኖች ሠፈር ላይ የሚያመጣውን ጉዳት እንዲመረምሩ ትእዛዝ ሰጥተው ነበር፤ ትእዛዙ በጥር 2025 ተሽሯል። በሌላ በኩል፤ ከአደጋ በኋላ የሚሰጠው የፌዴራል እርዳታ ደንብ በ2021 ተሻሽሎ፤ መዝገብ የሌለው ሰው ቤቱ የእርሱ መሆኑን በራሱ ፊርማ እንዲያረጋግጥ ተፈቅዶለታል። ወደ ኋላ ተመልሶ የ2017ን ጎርፍ አይመለከትም። የእማማ ነገር በሌላ መንገድ አለቀ፤ በ2020 አንዲት ጠበቃ ያለ ክፍያ ደክማ የሟቿን የወንድም ልጅ አገኘቻት፤ እርሷም ፈረመች። ግድግዳው በዚያው ዓመት ተለበጠ። እማማ ቀለሙን ራሳቸው መረጡ፤ ቢጫ ነው፤ እኔ አልወደድሁትም።

ባለፈው ወር እትዬ ከቡናው በኋላ እንደገና ለብቻዬ ጠሩኝ። ልጃቸው ሚስት አግብቶ ሦስት ዓመት የሞላት ሴት ልጅ አለችው፤ ኪራዩ ከብዶት ቤት ይፈልጋል።

«ያ አንቺ የምትሠሪበት ሠፈር ቤቱ ርካሽ ነው አሉ፤ እውነት ነው?»

ዋጋውን ነገርኋቸው። ጋኖቹ ከእማማ አጥር ስንት እርምጃ እንደሆኑም ነገርኋቸው። ሄጄ ካላየሁ አላምንም አሉ። እማማን ብጠይቃቸው እንግዳ ይወዳሉና ይምጡ አሉ፤ የበቆሎ ዳቦም እጋግራለሁ ብለዋል። በመጪው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እወስዳቸዋለሁ፤ ነፋሱ ከደቡብ የሚነፍሰው በዚያ ሰዓት ነው።